በፍጥሞ ደሴት በሰሙነ ሕማማት ያረፍኩበት ቤትና ማዕዱ

እ.ኤ.አ. በ2025 የትንሣኤን በዓል ያሳለፍኩት ቅዱስ ዮሐንስ ራእዩን ባየባት በፍጥሞ ደሴት ነው። ያረፍኩት ስካላ በምትባለው የወደብ ከተማዋ፣ ከባሕሩ ዳርቻ ጥቂት ገባ ብሎ በሚገኝ፣ ምድር ቤቱ ታቨርና፣ ፎቁ ደግሞ ስድስት የኪራይ ክፍሎች በሆነ የአንድ ቤተሰብ ቤት ውስጥ ነበር። ታቨርና ማለት ግሪኮች በቤታቸው የሚያበስሉትን ዓይነት ምግብ በመጠነኛ ዋጋ የሚያቀርብ፣ የቤቱንም ወይን በኪሎ እየለካ የሚሸጥ ምግብ ቤት ነው። ከማክሰኞ እስከ ማክሰኞ ሰባት ሌሊት አድሬበታለሁ፤ ከጾሙ ገበታም እስከ ፍስኩ ድረስ በልቼበታለሁ።

ፍጥሞ አውሮፕላን ማረፊያ ስለሌላት የሚገባባት በባሕር ብቻ ነው። ፍጥሞ ወደምትመደብባቸው የግሪክ ደሴቶች፣ ወደ ዶዴካኒስ፣ የሚሄዱት መርከቦች በአቴና አጠገብ ካለው የፒሬዎስ ወደብ፣ ኢ1 ከሚባለው በር ይነሣሉ፤ ጉዞውም ስምንት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። የፋሲካ ሳምንት ብዙ የአቴና ነዋሪ ወደ ትውልድ መንደሩ የሚመለስበት ጊዜ ስለሆነ ትኬቱን ቀድሞ መቁረጥ የግድ ነው። የእኔ መርከብ ዘግይቶ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሲደርስ የቤቱ አባወራ ወደቡ ላይ በብርድ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። መዘግየቱን እኔ አልነገርኳቸውም፤ ራሳቸው ደውለው ጠይቀው ነው የመጡት።

ክፍሉ ጠባብ ቢሆንም ንጹሕ ነበር፤ ለአንድ ሌሊት 50 ዩሮ ከፍያለሁ። መንግሥት በየክፍሉና በየሌሊቱ የሚያስከፍለው የአየር ንብረት ቀውስ ክፍያ ከዚህ ለብቻ ሆኖ ሲደርሱ ስለሚጠየቅ አስቀድሞ ማሰብ ይገባል። ቅር ያሰኘኝ ግን የሙቅ ውሃው ጉዳይ ነው። በግሪክ ብዙ ቤት ውሃውን የሚያሞቀው ጣሪያ ላይ በተተከለ የፀሐይ ማሞቂያ ሲሆን፣ ሰማዩ ሲደምን በኤሌክትሪክ ማገዝ ያስፈልጋል። የዚህ ቤት ማብሪያ ደግሞ ከክፍሉ ውጭ፣ በኮሪደሩ መጨረሻ በተሰቀለው ሳጥን ውስጥ ነበር። ይህን የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ረቡዕና ሐሙስ ጠዋት በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብኩ። ስጠይቅ የቤቱ እመቤት ደንግጠው ይቅርታ ቢጠይቁኝም፣ በር ላይ የምትለጠፍ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ይህን ሁሉ ታስቀር ነበር።

ቤቱ የሚመሰገነው በማዕዱ ነው። በግሪክ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በዐቢይ ጾም ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አይበላም፤ ዓሣም የሚፈቀደው ማርች 25 በሚውለው የብሥራት በዓልና በሆሣዕና ዕለት ነው። ደም የላቸውም ተብለው የሚታሰቡት ኦክቶፐስ፣ ካላማሪ፣ ሽሪምፕና ዛጎል ያላቸው የባሕር እንስሳት ግን ለጾም ይቀርባሉ፤ ይህን ሳያውቅ የጾም ምግብ ያዘዘ እንግዳ ኦክቶፐስ ሲመጣለት እንዳይደናገጥ። በባሕሩ ዳር ያየኋቸው አንዳንድ ምግብ ቤቶች በሕማማት እንኳ ለመንገደኛው ሥጋ ይጠብሱ ነበር። የእኔ አከራዮች ግን የሚያበስሉት ራሳቸው የሚበሉትን ብቻ ነበር። ረቡዕ ማታ እመቤቲቱ ወደ ማድ ቤት ጠርተውኝ ድስቶቹን አንድ በአንድ እየከፈቱ አሳዩኝ። በቲማቲም መረቅ ምድጃ ውስጥ ቀስ ብሎ የበሰለ ትልልቅ ነጭ ባቄላ፣ ከቢጫ አተር ክክ ተፈጭቶ በጥሬ ሽንኩርት የሚበላው ፋቫ፣ ተቀቅሎ ሎሚ የሚጨመቅበት ሆርታ የሚባለው የዱር ቅጠል፣ በከሰል የሚጠበስ ኦክቶፐስም ነበር። ባቄላው ልጣጩ ሳይፈነዳ ውስጡ አፍ ላይ የሚሟሟ ሆኖ ሳለ፣ ኦክቶፐሱ ቀኑን ሙሉ በጓሮው ገመድ ላይ ፀሐይና ነፋስ ሲመታው ስለዋለ ጠንከር ያለና ጣዕሙ የረጋ ነበር። ከዚህ የተሻለ ኦክቶፐስ በልቼ አላውቅም።

በጸሎተ ሐሙስ ዕለት ደሴቲቱ ሁሉ ወደ ኾራ ትወጣለች። ኾራ በ1088 በቅዱስ ክሪስቶዱሎስ በተመሠረተው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ዙሪያ፣ በተራራው አናት ላይ የተሠራች ነጭ ከተማ ስትሆን፣ የራእዩ ዋሻ የሚገኘው ከስካላ ወደ እርሷ በሚወስደው መንገድ አጋማሽ ላይ ነው። ኒፕቲራስ በሚባለው ሥርዓት የገዳሙ አበምኔት በአደባባይ ላይ የ12 መነኮሳትን እግር ያጥባሉ። አከራዮቼ ቁርሱን በማለዳ አቅርበው፣ ድንጋይ የተነጠፈበትን የቀድሞውን የእግር መንገድ በወረቀት ስለው ሰጡኝ። ከሰዓት በኋላ ስመለስ እመቤቲቱን ያገኘኋቸው የፋሲካውን እንቁላል ሲያቀልሙ ነው፤ እጃቸው እስከ አንጓው ቀልቶ ነበር።

ዓርብ ሜኑ የሚባል ነገር አልነበረም። አንድ ድስት ምስር ብቻ፣ ያለ ዘይት ተቀቅሎ ኮምጣጤ የተጨመረበት ተዘጋጅቶ ነበር፤ ኮምጣጤው ለክርስቶስ በመስቀል ላይ የቀረበለትን ለማሰብ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ ሁለት መንገደኞች ሌላ ነገር እንዲሠራላቸው ሲጠይቁ አባወራው በትሕትና፣ ግን ሳያመነቱ፣ ወደ ሌላ ምግብ ቤት የሚወስደውን መንገድ አሳዩአቸው። ገበያው በደራበት ሳምንት ደንበኛን እንዲህ መሸኘት ቀላል አይደለምና አክብሬያቸዋለሁ። ምስሩ ኮስተር ያለ፣ ለሆድ እንጂ ለምላስ ያልተሠራ ምግብ ነው፤ ለዚያ ቀንም የሚገባው እርሱ ነበር።

ቅዳሜ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን የቤተ ክርስቲያኑ መብራት ሁሉ ጠፍቶ፣ ካህኑ አንዲት ሻማ ይዘው «ኑ፣ ብርሃንን ውሰዱ» እያሉ ከመቅደሱ ወጡ። ብርሃኑ ከሻማ ወደ ሻማ ተላልፎ እኔ ጋ ሲደርስ «ክሪስቶስ አኔስቲ» (ክርስቶስ ተነሣ) የሚለው ዜማና የርችቱ ድምፅ አንድ ላይ ፈነዱ። ሰው ሻማውን በእጁ እየጋረደ ወደ ቤቱ ሄደ፤ እኔም ከአከራዮቼ ጋር ተመለስኩ። ከመግባታችን በፊት እመቤቲቱ ሻማቸውን ከፍ አድርገው በመቃኑ ላይ በጥላሸቱ መስቀል ሠሩ። ከአዲሱ መስቀል ሥር የቀደሙት ዓመታት መስቀሎች፣ አንዳንዱ ጥቁር፣ አንዳንዱ ደብዝዞ ግራጫ የሆነ፣ ተደራርበው ይታዩ ነበር።

ከዚያ በቤተሰቡ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። የሌሊቱ ምግብ ማይሪትሳ ነው፤ የበግ ጉበትና አንጀት በደቃቁ ተከትፎ፣ ከሰላጣ ቅጠል፣ ከሽንኩርት ቅጠልና ከእንስላል ጋር ተቀቅሎ፣ መጨረሻ ላይ የተመታ እንቁላልና ሎሚ የሚገባበት ሾርባ። አንጀቱ በሚገባ ታጥቦ ስለነበር አንዳች ሽታ አልነበረውም፤ እንስላሉ ግን ለእኔ ትንሽ በዛብኝ። ቀጥሎ ቀያዮቹን እንቁላሎች እርስ በርስ አጋጨን። እንቁላሉ ሳይሰበር የቀረለት ሰው ዓመቱን በመልካም ዕድል ያሳልፋል ይባላል፤ ያሸነፉትም አባወራው ናቸው። በማግስቱ የቀረበው ጠቦት በብዙዎቹ የዶዴካኒስ ደሴቶች ልማድ ሩዝ ተሞልቶ ሌሊቱን በምድጃ ያደረ ነበር፤ የሥጋው ጮማ የጠጣው ሩዝ ከሥጋውም ይበልጥ ጥሞኛል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ የሰኞው ዓሣ ነው። በግሪክ ትኩስ ዓሣ የሚሸጠው በኪሎ ሲሆን፣ ደንበኛው መርጦ፣ ሚዛኑንና ዋጋውን አይቶ ያዝዛል። እኔ መረጥኩ እንጂ ሲመዘን አላየሁም፤ ሒሳቡ 58 ዩሮ ሆኖ ሲመጣ ደነገጥኩ። ዋጋው በሜኑው ላይ ከተጻፈው ጋር ቢስማማም ቁጥሩን ከመጥበሱ በፊት ሊነግሩኝ ይገባ ነበር። ደረሰኝ በመስጠት በኩል ግን ምንም አይወጣላቸውም፤ ደረሰኝ ያልተሰጠው ደንበኛ የመክፈል ግዴታ እንደሌለበት የሚገልጸው ማስታወቂያ በራቸው ላይ ተለጥፏል፣ እነርሱም ለአንድ ስኒ ቡና እንኳ ሳይቆርጡ አልቀሩም።

ማክሰኞ ጠዋት ስሄድ የመጨረሻውን ሒሳብ መስመር በመስመር አየሁት። ክፍሉ፣ ወይኑ፣ ዓሣው፣ በየምግቡ ጊዜ የቀረበው ዳቦ ሳይቀር በሳንቲም ተቆጥሯል። የሌሊቱ ማይሪትሳ ግን የለም። ረስተው መስሎኝ ለእመቤቲቱ ባሳያቸው ወረቀቱን መልሰው በእጄ አስያዙኝና፣ «ቅዳሜ ሌሊት እኮ ታቨርናው ዝግ ነበር» አሉኝ።