ለሮክና ለኤሌክትሪክ ጊታር የትኛው ሄድፎን? ክፍቱ ግራዶ ወይስ ዝጉ ሶኒ

«ሮክ የምሰማበት ሄድፎን ልገዛ ነው፤ የትኛው ይሻላል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያበሳጨው ሄድፎን በእጁ አለ። ሳጥኑ ላይ «ኤክስትራ ቤዝ» ተጽፎበታል፣ ቤዙም እውነትም ጆሮ ይደበድባል፣ ጊታሩ ግን ጎረቤት ቤት የሚጫወት ይመስላል። ስለዚህ መልሱን አስቀድመን እንናገር። ጸጥ ያለ ክፍል ካላችሁ ግራዶ ኤስአር60ኤክስ ግዙ። ሰው አጠገባችሁ ካለ ወይም ጫጫታ ውስጥ የምትሰሙ ከሆነ ሶኒ ኤምዲአር-7506 ግዙ። ሌላው ሁሉ የዋጋ ስሌት፣ የፎርጅድ ጣጣና የጥገና ጉዳይ ነው።

ጊታር የሚኖረው መሀል ላይ ነው። በተለመደው ቅኝት ወፍራሙ ክር 82 ሄርትዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) ይሰጣል፤ 24 ፍሬት (አንገቱ ላይ ያሉት የብረት መስመሮች) ባለው ጊታር ቀጭኑ ክር መጨረሻው ላይ ሲያዝ 1,319 ሄርትዝ ገደማ ይደርሳል። ዲስቶርሽን፣ ማለትም ሆን ተብሎ የሚሻከረው የጊታር ድምፅ፣ ከዚህ በላይ ብዙ ተደራራቢ ድምፆች ይወልዳል። ይሁን እንጂ የጊታር አምፕ (ማጉያ) ባለ 12 ኢንች ስፒከር ከ5,000 ሄርትዝ በላይ ቶሎ ስለሚደክም ከዚያ ወዲያ የሚተርፈው ትንሽ ነው። የፒኩ (የክር መምቻው) ምት፣ የዲስቶርሽኑ ንክሻና ዜማውን የሚመራው የሊድ ጊታር ጩኸት በአብዛኛው ከ1,500 እስከ 4,000 ሄርትዝ ባለው ክልል ውስጥ ናቸው። ብዙ የገበያ ሄድፎኖች ደግሞ ታችኛውንና ላይኛውን ድምፅ አሳብጠው ልክ ይህንን መሀል ያጎድላሉ። ለዳንስ ሙዚቃ ያምር ይሆናል፤ ለሮክ ግን ሙሽራዋን ከሠርጉ ማስቀረት ነው። ይባስ ብሎ ከ100 እስከ 250 ሄርትዝ ያለው ካበጠ ቤዝ ጊታሩ፣ ኪክ ድራሙና በመዳፍ ታፍኖ የሚመታው ሪፍ (ተደጋጋሚው አጭር የጊታር ዜማ) አንድ ላይ ይቦካሉ፤ የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አይቻልም።

ግራዶ የሚያሸንፈው እዚህ ነው። ጀርባው ክፍት ነው፣ ስፖንጁ ጆሮ ላይ ያርፋል፣ ስፒከሩም ለጆሮ በጣም ይቀርባል። 2,000 ሄርትዝ አካባቢ ያለው ድምፅ ሆን ተብሎ ከፍ ያለ ነው፤ ፒኩ ክሩን ሲነካ ጥርት ብሎ ይሰማል። በሮክ ቅጂ አንድ ሪፍ ሁለት ጊዜ ተቀድቶ አንዱ ወደ ግራ ሌላው ወደ ቀኝ መጣሉ የተለመደ ነው፤ በግራዶ በሁለቱ ቅጂዎች መሀል ያለው ጥቃቅን ልዩነት ሳይቀር ይለያል። ጉድለቱም አይደበቅም። ከ80 ሄርትዝ በታች ያለው ቤዝ ቀጭን ነው፤ ሹል ሆኖ የተቀዳ አልበም ሲገጥመው ከአንድ ሰዓት በኋላ ያደክማል፤ ድምፁም ወደ ውጭ ስለሚወጣ አጠገባችሁ ያለ ሰው ከነግጥሙ አብሯችሁ ይሰማል።

ሶኒ 7506 እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ገበያ ላይ ያለ የስቱዲዮ ዕቃ ነው፤ ይህን ያህል መቆየቱ ራሱ ምስክር ነው። ጀርባው ዝግ ነው፣ ቀላል ነው፣ ይታጠፋል። ሚዱን (የመሀሉን ድምፅ) አይደብቅም፣ ቤዙም ከግራዶ የተሻለ ሥር አለው። ግን ስፋት የለውም፤ ግራና ቀኝ ያሉት ጊታሮች ጆሮ ላይ ተለጥፈው ይቀራሉ፣ ሲንባሉም (የድራሙ የብረት ሳህን) አንዳንዴ ይቧጥጣል። ሦስት ሜትር ድረስ የሚሳበው ጥምዝምዝ ገመዱ ለስቱዲዮ ጥሩ ነው፤ በስልክ እየሰሙ ለሚንቀሳቀሱ ግን ጆሮን ወደ ታች የሚጎትት ሸክም ነው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የግራዶ ኤክስ ተከታታይ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ 60ኤክስ 99፣ 80ኤክስ 125፣ 325ኤክስ 295 ዶላር ነበር። ሁሉም ሰው 80ኤክስን ይመክራል፤ እዚህ ግን ምክሩ 60ኤክስ ነው። በሁለቱ መሀል ያለው 26 ዶላር ለሪፍ የሚጨምረው ነገር ዓይን ጨፍኖ ለመለየት የሚያስቸግር ነው፤ ያው ገንዘብ ለቅያሪ ስፖንጅ ቢውል ለዓመታት ያገለግላል። 325ኤክስ ደግሞ ሦስት እጥፍ ይከፈልበታል፣ ሦስት እጥፍ ግን አይሰማም። ያን ያህል ካላችሁ ከግራዶ መንደር ወጥታችሁ ዜንሃይዘርን እዩ። ድሮፕ የተባለው የኢንተርኔት ሱቅ ያወጣው ኤችዲ 6ኤክስኤክስ፣ ማለትም የኤችዲ 650 ወንድም፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲጀምር 199 ዶላር ነበር። ዋጋዎች ከፍ ዝቅ ማለታቸው አይቀርም፤ ርስ በርስ ያላቸው ርቀት ግን ብዙም አይናጋም፣ ማስላት ያለባችሁም እሱን ነው።

ሰዎች የማይደምሩት ወጪ አለ። የግራዶ ስፖንጅ ሳስቶ ስፒከሩ ጆሮ መንካት ሲጀምር ይቀየራል፤ የ7506 ሰው ሠራሽ ቆዳ እየተላጠ ጥቁር ፍርፋሪ አንገት ላይ ይጥላል፣ እሱም ይቀየራል። ሲሳሱ ምቾት ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ ስፒከሩ ከጆሮ ያለው ርቀት ሲቀየር ድምፁም ይቀየራል። ለግራዶ ቅያሪ ስትገዙ ጠፍጣፋውን ስፖንጅ ያዙ። እንደ ጎድጓዳ ሳህን የሆነው ትልቁ ስፖንጅ ድምፁ የተዘረጋበትን ቦታ ያሰፋዋል፣ ግን ቤዙን ያሳጣል፣ ሹልነቱንም ይጨምራል፤ ቀድሞውንም ሹል ለሆነ ዕቃ አይሆንም። ስፖንጁ ላብ ከጠጣ ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ሳሙና ይታጠባል፤ ሳይጠመዘዝ በፎጣ ተጨምቆ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ።

ሌሎቹን በአጭሩ። ኦዲዮ-ቴክኒካ ኤም50ኤክስ ሦስት ተነቃይ ገመድ ይዞ ይመጣል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቤዙ ግን ከ7506 ይበዛል፣ ጊታሩም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፤ በተጨማሪ ገመዱ ጠምዝዞ የሚቆለፍ ባለ 2.5 ሚሊሜትር ጃክ (መሰኪያ) ስለሆነ ያገኛችሁት ሁሉ አይገባለትም። ባየርዳይናሚክ ዲቲ 990 ሲንባሉ እንደ ምላጭ ነው፤ ለሜታል የሚመክሩት ሰዎች ምን እንደሚሰሙ መድኃኔዓለም ይወቅ። የዲቲ 770 የቬሉር (ከፋይ መሰል ጨርቅ) ትራስ ለረጅም ሰዓት ተወዳዳሪ የለውም፣ ግን ሚዱ ሸሽቷል። ዜንሃይዘር ኤችዲ 600 ከሁሉም እውነተኛው ነው። ገመዱ፣ ትራሱ፣ ስፒከሩ፣ መረቡ በእጅ ተነቅሎ የሚተካ ስለሆነ ያገለገለ እንኳ ያለ ፍርሃት ይገዛል።

ኤችዲ 600 ግን 300 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ነው፣ «አምፕ ያስፈልገዋል» የሚባለውም ከዚህ ነው። እውነቱን በቁጥር እንየው። በ1 ቮልት 97 ዴሲቤል ይሰጣል። 1 ቮልት የሚያወጣ የስልክ አስማሚ (ሄድፎኑን ከስልኩ የቻርጅ ቀዳዳ የሚያገናኘው) ለዘመኑ ጮክ ብሎ ለተቀዳ ሮክ ይበቃል። አስማሚው ግማሽ ቮልት ብቻ ከሆነ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የታተሙ ሲዲዎች ደግሞ ዝግ ብለው የተቀዱ ስለሆኑ ድምፁ እስከ መጨረሻው ተከፍቶም ላያረካ ይችላል። ግራዶ 38 ኦም፣ 7506 ደግሞ 63 ኦም ስለሆኑ ከማንኛውም ስልክ ይሠራሉ። የአምፕ ዋጋ የሌለበት ግዢ ማለት ይህ ነው።

ፎርጅድ በብዛት የሚገጥማችሁ በ7506 እና በኤም50ኤክስ ላይ ነው፤ ታዋቂ ዕቃ ሁሉ ዕጣው ይኸው ነው። ሣጥንና ጽሑፍ ማየት አያዋጣም፣ በደንብ ይቀዳል። ይዛችሁ መሄድ ያለባችሁ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ነው። ኦም ላይ አድርጋችሁ አንዱን እግር በጃኩ ጫፍ፣ ሌላውን በጃኩ ሥር ባለው ቀለበት ላይ አሳርፉ። ንባቡ ከተጻፈው ኦም ብዙ መራቅ የለበትም፦ 7506 ስድሳ ገደማ፣ ኤችዲ 600 ሦስት መቶ ገደማ። በርካሹ ገበያ የሞላው ስፒከር ባለ 32 ኦም ስለሆነ 7506 የተባለው ዕቃ ሠላሳ አካባቢ ካነበበ መልሱለት። ቀጥሎ የቀኙን ጎን ለኩ፤ ሁለቱ ጎኖች ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። በምትለኩበት ጊዜ ሄድፎኑን ከራሳችሁ አውልቁ፣ ቴስተሩ ሲነካ ጠቅ ያደርጋል። ይህ ዘዴ ለኤም50ኤክስ አይሠራም፤ የሱ 38 ኦም ከ32 ብዙ አይርቅም። እዚያ ላይ ሚዛን ይረዳል፤ ኦሪጅናሉ ያለ ገመዱ 285 ግራም ነው፣ 7506ም ያለ ገመዱ 230 ግራም ገደማ ነው። ፎርጅዱ ብዙ ጊዜ ይቀልላል።

ያገለገለ ስትገዙ ዘፋኙ መሀል ላይ የቆመበት ዘፈን አጫውቱ። ድምፁ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ሄድፎኑን ገልብጣችሁ አጥልቁ፤ ማዘንበሉ አብሮ ከተገለበጠ ጥፋቱ የሄድፎኑ ወይም የቅጂው ነው፣ ባለበት ከቀረ የጆሮ። ቤዝ ሲመታ ብቻ ዝርር የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ስፒከሩ ተቀደደ ብላችሁ አትሽሹ፤ ብዙ ጊዜ ሽፋኑ ላይ የተኛ አንድ የራስ ፀጉር ነው። ስፖንጁ ተነስቶ በወረንጦ ይወጣል። ይህን ሻጩ ካላወቀ ዋጋ ለማስቀነስ ጥሩ ምክንያት ነው፣ ኅሊናችሁ ከፈቀደ።

በጣም የሚያደናግረው ብልሽት ግን ሌላ ነው፦ ዘፋኙና ቤዙ ጠፍተው ግራና ቀኝ ያሉት ጊታሮች ብቻ እንደ ጉድጓድ ውስጥ ሲሰሙ። ብዙዎች «ስፒከሩ ሞተ» ብለው ይጥሉታል። የሞተው ስፒከር አይደለም፣ ለግራም ለቀኝም የሚያገለግለው የጋራ ሽቦ ተበጥሷል። ያኔ ሁለቱ ስፒከሮች በተከታታይ ይገናኙና የሚሰማው የግራና የቀኝ ልዩነት ብቻ ይሆናል፤ ለሁለቱም እኩል የተሰጠው ዘፋኝ ይጠፋል። የተበጠሰው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ከጃኩ እስከ 3 ሴንቲሜትር ባለው ውስጥ ነው።

ጥገናው ከአዲስ ሄድፎን ዋጋ በጣም ያነሰ ነው። ገመዱን ከጃኩ 4 ሴንቲሜትር ያህል ርቃችሁ ቁረጡ። የአዲሱን ጃክ ሽፋንና በሙቀት የሚኮማተረውን ላስቲክ ከመበየዳችሁ በፊት ገመዱ ላይ አጥልቁ፤ ይህን ረስቶ በይዶ እንደገና ያልፈታ ሰው ብርቅ ነው። ቀጫጭኖቹ ሽቦዎች በቀለም ስለተቀቡ ቀለሙ ካልተቃጠለ ብየዳው አይዝም፤ በጋለ መበየጃ ጫፍ ላይ በቀለጠው የብየዳ ሊድ ውስጥ እያመላለሳችሁ ሽቦው እስኪያብረቀርቅ ድረስ ያዙት። ጫፉ ግራ፣ መካከለኛው ቀለበት ቀኝ፣ ሥሩ የጋራ ነው። የሽቦው ቀለም ከዕቃ ዕቃ ስለሚለያይ አትመኑት፤ ቴስተሩን አስነክታችሁ በየትኛው ጎን ጠቅ እንደሚል አዳምጡ። ሁለት የጋራ ሽቦ ካለ ሁለቱንም አንድ ላይ ሥሩ ላይ በይዱ።

ግራዶ ለዚህ ብልሽት የራሱ ምክንያት አለው፤ የሄድፎኑ ጆሮ በዘንጉ ዙሪያ ስለሚሽከረከር ባወለቃችሁት ቁጥር ገመዱ ትንሽ ትንሽ ይጠመዘዛል። በየሳምንቱ መፍታት ነው፣ ሌላ መድኃኒት የለውም። 7506 ላይ ደግሞ ከራስጌው ወደ ጆሮው የሚገባው ቀጭን ሽቦ በውጭ ስለሚታይ ቦርሳ ውስጥ ሲጎተት ይበጠሳል፤ ሁልጊዜ አጥፋችሁ በከረጢቱ ያዙት።

ስለ ድምፅ መጠን አንድ ቁጥር ያዙ። 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ይፈቀዳል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፣ 94 ላይ 1 ሰዓት ይቀራል። ክፍት ሄድፎን ጫጫታ ውስጥ የሚያጠልቅ ሰው ጫጫታውን ለመሸፈን ድምፁን ይጨምራል፤ ለዚህ ነው ለመንገድ ግራዶ የማይመከረው።

ለመግዛት ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ አሁን ያላችሁን ዕቃ በስልኩ ኢኳላይዘር (የድምፅ ማስተካከያ) ፈትኑት። 125ና 250 ሄርትዝን በ3 ዴሲቤል ዝቅ፣ 2,000ን በ2 ዴሲቤል ከፍ አድርጉና የምታውቁትን ሪፍ ስሙ። ጊታሩ ከጎረቤት ቤት ወደ እናንተ ቤት ከገባ ገንዘባችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ይቆይ። መጥቶ ድምፁ ግን እንደ ቆርቆሮ ከሆነ ስፒከሩ አቅሙ ያ ነው፤ ያኔ ግራዶውን ግዙ።