በሁለት ደቂቃ የዓይን ሽብሽብ «የሚያጠፋውን» ክሬም ከማዘዛችሁ በፊት

ቪዲዮውን ሳታዩት አትቀሩም። ጠና ያሉ ሴት ከአንድ ዓይናቸው ስር ብቻ ምስር የምታክል ክሬም ይቀባሉ፤ ሁለት ደቂቃ ያህል ይጠብቃሉ፤ ከዚያ እብጠቱም ሽብሽቡም እያያችሁት ተወጥሮ ልሙጥ ይሆናል። ያልተቀባው ዓይን እንደነበረ ነው። ከስሩ «ዋጋ በውስጥ መስመር፣ ያላችሁበት እናደርሳለን» ይላል። ግማሹ ተመልካች «ኤዲቲንግ ነው» ብሎ ያልፋል፣ ግማሹ ያዝዛል። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ቪዲዮው ብዙውን ጊዜ እውነተኛ ነው። ሰውን የሚያስበላውም ይኸው ነው።

የእንቁላል ነጭ ፊቱን ተቀብቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ሲደርቅ ፊትን ሰቅዞ ይይዛል፣ ለመሳቅ እንኳ ያስቸግራል። የእነዚህ ክሬሞች ዋና ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ ሶዲየም ሲሊኬት ነው፤ ካርቶን ለማጣበቅም የሚያገለግል፣ ሲደርቅ እንደ መስታወት ያለ ስስ ልባስ የሚሠራ ነገር። ማግኒዚየም አሉሚነም ሲሊኬት የሚባል የሸክላ ዓይነትም ይጨመርበታል። ውሃው ሲተን ልባሱ ይኮማተራል፤ ከዓይን ስር ያለው ቆዳ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ አብሮ ይወጠራል። በቃ ይኸው ነው። ቆዳ ውስጥ ገብቶ የጠገነው ነገር የለም። ፊት ሲታጠብ፣ ሲያልብ ወይም ሰው ከልቡ ሲስቅ ልባሱ ይሰነጠቅና ሽብሽቡ እቦታው ይገኛል።

ቪዲዮው ላይ ሴትየዋ ፈገግ እንደማይሉ ልብ በሉ። የዓይን ዳር መስመሮች የሚመጡት በሳቅና ዓይንን በማጥበብ ነው፤ ልባሱ ደግሞ ያንን እንቅስቃሴ አይችለውም። ለኛ ቆዳ ሌላም ችግር አለ፤ የደረቀው ቅሪት ነጭ ነው። በፈካ ቆዳ ላይ ላይታይ ይችላል፣ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ዓይን ስር ዱቄት የተነሰነሰ ያስመስላል። እሱን ለመሸፈን ሜካፕ ስትደርቡበት ይላጣል። ጠዋት ቅባት ወይም ቫዝሊን የተቀባ ፊት ላይ ደግሞ ጭራሽ አይጣበቅም። «ለኔ አልሠራም» ስትሉ ሻጩ «ፊትሽን በደንብ አላጸዳሽውም» የሚለው ለዚህ ነው።

እጃችሁ ላይ ካለ በቤት ውስጥ ፈትኑት። እጃችሁን በሳሙና አጥባችሁ አድርቁ፤ በእጃችሁ ጀርባ ላይ ስስ አድርጋችሁ ቀቡና ሦስት ደቂቃ ሳታንቀሳቅሱ ቆዩ። ከዚያ ጨብጡ። ነጭ ቅርፊት ሆኖ ከተሰነጠቀ የገዛችሁት የሚደርቅ ልባስ ነው። ለሠርግ ፎቶ አንድ ሰዓት ቢያገለግላችሁ አንከራከርም፤ ለሜካፕ የሚከፈለውን ዋጋ ግን እንደ ሕክምና አትክፈሉበት። ደግሞም አልካላይ (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሆነ ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላል፣ ቀብታችሁ አትተኙ።

ሳትገዙ በፊት የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ ሻጩን ጠይቁ። የፊቱን ፎቶ ብቻ የሚልክ ሰው ጋር ጨዋታው እዚያ ላይ ይቁም። የንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር ከብዙው ወደ ትንሹ ነው የሚጻፈው፤ ከአንድ በመቶ በታች የሆኑት ግን እንደፈለጉ ሊደረደሩ ይችላሉ። ፊኖክሲኢታኖል የሚባለውን ማቆያ ፈልጉ፤ በአውሮፓ ሕግ ከ1 በመቶ መብለጥ አይችልም። ስለዚህ ከእሱ ኋላ የተጻፈው «ወርቅ»፣ «ካቪያር»፣ «ኮላጅን» አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ያነሰ ነው፣ የማሸጊያው ፊት ላይ ግን በትልቁ ተጽፏል። (ከቫይታሚን ኤ ወገን የሆነው ሬቲኖልም ኋላ ላይ ቢገኝ አይግረማችሁ፤ እሱ በትንሽ መጠን ይሠራል። ኮላጅን ግን ሞለኪዩሉ ትልቅ ስለሆነ ቆዳ አልፎ አይገባም፤ ላዩን ያለሰልሳል እንጂ።)

«በኤፍዲኤ የጸደቀ» የሚለው ማኅተም ሌላው ማጥመጃ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ክሬሞችን ለገበያ ከመቅረባቸው በፊት አያጸድቅም። ፋብሪካ መመዝገብና ምርት ማስመዝገብ አለ፣ እሱ ግን ማጽደቅ አይደለም። ማኅተሙ ያለበት የመዋቢያ ክሬም የሚነግራችሁ ሻጩ እንደሚዋሽ ብቻ ነው።

ዋጋውንም በሚሊ ሊትር አስሉት። 15 ሚሊ ሊትሩ 60 ዶላር ከሆነ አንዱ ሚሊ ሊትር 4 ዶላር ነው። 50 ሚሊ ሊትር ተራ የፊት ማለስለሻ በ20 ዶላር ብትገዙ ሚሊ ሊትሩ 40 ሳንቲም ይመጣል። አሥር እጥፍ ማለት ነው፣ ማራሱን ደግሞ እኩል ያርሳል።

አሜሪካ ላላችሁ ወጥመዱ ሌላ መልክ አለው፦ «በነጻ ሞክሩት፣ የመላኪያውን ብቻ ክፈሉ»። በ2015 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አውራቪ በሚል ስም የቆዳ ምርት ይሸጡ የነበሩትን የከሰሰው በዚህ ነው። 4.95 ዶላር ወይም ከዚያ በታች ለመላኪያ የከፈለ ደንበኛ ከ10 ቀን በኋላ እስከ 97.88 ዶላር ይቆረጥበት ነበር። ስሙ ይለዋወጣል እንጂ አሠራሩ ዛሬም ያው ነው። ቀኑ የሚቆጠረው ብዙ ጊዜ ካዘዛችሁበት ነው፣ ዕቃው እጃችሁ ከገባበት አይደለም። ስለዚህ ክሬሙን ሳትከፍቱት ጊዜው ሊያልፍ ይችላል። ከዚያ በየወሩ ይቀጥላል።

ካርዳችሁን አንዴ ከሰጣችሁ ካርድ በመቀየር ብቻ አታመልጡም። ባንኮች አዲሱን ቁጥር ለነጋዴው በራሱ የሚያስተላልፍ አገልግሎት ስላላቸው ክፍያው ሊከተላችሁ ይችላል። ባንኩ ጋ ደውላችሁ «የዚህን ነጋዴ ክፍያ አግዱልኝ» በሉ፤ ለሻጩም መሰረዛችሁን በኢሜይል ጽፋችሁ ቅጂውን ያዙ። በክሬዲት ካርድ ከሆነ፣ ክፍያው የታየበት መግለጫ ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መቃወም ሕጉ የሰጣችሁ መብት ነው። የዴቢት ካርድ ከለላው ደካማ ነው፤ እንዲህ ያለ ቦታ በዴቢት ካርድ አትክፈሉ።

እስካሁን ያልነው ገንዘብ የሚበላ ነው። ጤና የሚበላው ደግሞ ስም በሌለው ብልቃጥ የሚሸጠው «ሚክስ» ነው። ሽብሽብንም፣ ከዓይን ስር ጥቁረትንም፣ ማድያትንም አንድ ላይ አጠፋለሁ የሚል ክሬም ውስጥ ብዙ ጊዜ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታዞን ይገኛል። እነዚህ በሐኪም ትእዛዝ ለአጭር ጊዜ የሚሰጡ ስቴሮይዶች ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊት ይፈካል፣ ምስክርነቱም የሚቀረጸው ያኔ ነው። ሲቆይ ግን ቆዳውን ያሳሳዋል፤ ደም ስር ይታያል፣ ሽብሽቡ ይብሳል፤ ሲቆም ደግሞ ፊት ይቀላል፣ ያቃጥላል። ዓይን አካባቢ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ የዓይን ግፊት ጨምሮ ግላኮማ፣ ወይም የዓይን ሞራ ሊያመጣ ይችላል። ለወራት የተቀባ ሰው በአንድ ቀን አያቋርጥ፣ የቆዳ ሐኪም ያማክር፤ የዓይን ግፊቱንም ያስለካ።

ሜርኩሪም አለ። ዝርዝሩ ላይ «ካሎሜል»፣ «ሜርኩረስ ክሎራይድ» ወይም «ሜርኩሪዮ» ካለ አትንኩት። «ከወርቅ፣ ከብርና ከአሉሚነም ጋር አታነካኩ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካለበትም ሜርኩሪ ስለሆነ ነው። ቀለበታችሁን አውልቃችሁ እንድትቀቡት የሚያዝ ክሬም ለዓይናችሁ ምን እንደሚያደርግ አስቡት። ትነቱ ያልተቀባውን የቤተሰብ አባል፣ ሕፃናትንም ይጎዳል።

ጡንቻን አዝሎ ሽብሽብ ስለሚቀንሰው መርፌ፣ ስለ ርካሽ ቦቶክስ፣ አጭር ነገር። ለዓይን ዳር ሽብሽብ በአሜሪካ የተፈቀደው በ2013 ነው፤ መጠኑም 24 ዩኒት ነው፤ በእያንዳንዱ ጎን ሦስት ቦታ፣ በየቦታው 4 ዩኒት። ከአራት ወር ገደማ በኋላ ይለቃል። በማቀዝቀዣ ነው የሚቀመጠው፤ በሻንጣ ተጉዞ የመጣን ብልቃጥ ማን አቀዘቀዘው? በ2024 አሜሪካ ውስጥ የተገኘው ሐሰተኛ ምርት ማሸጊያ ላይ «150 ዩኒት» ተጽፎበት ነበር፣ አምራቹ ግን በዚያ መጠን አይሠራም። ስንት ዩኒት እንደምትወጉ የማይነግራችሁ፣ ብልቃጡን ፊት ለፊታችሁ የማይከፍት ሰው አይውጋችሁ። ከተወጋችሁ በኋላ የዓይን ቆብ ከወደቀ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ከከበደ ለወጋችሁ ሰው ሳይሆን ለድንገተኛ ክፍል ነው የሚደወለው።

ያንን ገንዘብ ለምን እናውለው ካላችሁ፣ መጀመሪያ ለፀሐይ መነጽር። «ዩቪ 400» የሚል፣ ጎኑን የሚሸፍን ይሁን፤ ጨረሩንም ዓይን ማጥበቡንም ይቀንሳል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረሩ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ብርድ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። ቀጥሎ ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ፤ ለፊትና ለአንገት የሁለት ጣት ርዝመት ያህል። ለዓይን ዙሪያ የዚንክ ኦክሳይዱ እምብዛም አያቃጥልም፤ ቆዳችን ላይ ነጭ ስለሚል ቀለም ያለበትን ምረጡ። በአውስትራሊያ ናምቡር የተደረገውና በ2013 የታተመው ጥናት ለአራት ዓመት ተኩል በየቀኑ የተቀቡት ሰዎች እንደፈለጉ ከሚቀቡት ይልቅ የቆዳ እርጅናቸው 24 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል።

የተጀመረ ሽብሽብ ላይ ማስረጃ ያለው ሬቲኖይድ (ሬቲኖልና ትሬቲኖይን ያሉበት የቫይታሚን ኤ ወገን) ነው። ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚገኘው ሬቲኖል ከ0.1 እስከ 0.3 በመቶ ለጀማሪ ይበቃል፤ ትሬቲኖይን በሐኪም ትእዛዝ ነው። መጀመሪያ ማለስለሻ ቀቡ፤ ከዚያ አተር የምታክለውን ለሙሉ ፊት፣ ለዓይን ዙሪያ የተረፈውን ብቻ በቀለበት ጣት የዓይን ጉድጓዱ አጥንት ላይ ነካ ነካ አድርጉ። ሽፋሽፍቱ ጋ አታድርሱት። በሳምንት ሁለት ሌሊት ጀምሩ፤ ካልቆጠቆጠ ከወር በኋላ ሦስት አድርጉት። ለውጡ ከ12 ሳምንት በፊት አይታይም፤ የሁለት ደቂቃው ሻጭ የሚያሸንፈውም እዚህ ላይ ነው። እርጉዝ የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች አትቀባው። ዓይናችሁ ከደረቀ ወይም አሸዋ የገባበት ያህል ከቆረቆራችሁ አቁሙትና ከዓይናችሁ ትንሽ ይበልጥ ራቅ አድርጋችሁ እንደገና ሞክሩ።