ቦንሳያችንን ላተረፉልን ጋሼ ምስጋናዬ ይድረሳቸው

ሰላም ወገን፣ ዛሬ አንድ ሰው ላመሰግን ነው፣ ትንሽ ስለሚረዝም ታገሱኝ።

ወንድሜ ወደ ካናዳ ሲሄድ ለዓመታት እየከረከመ፣ ቅርንጫፏን በሽቦ እየጠመዘዘ ያሳደጋትን ፊከስ ቦንሳይ (ማሰሮ ውስጥ ድንክ ሆና የምታድግ ዛፍ ናት) "አደራ" ብሎ ትቶልኝ ሄደ። ቁመቷ ብትበዛ 40 ሳንቲም ናት፣ ጭንቀቷ ግን የዋርካ ያህል። ከጥቂት ወር በኋላ ቅጠሏ ቢጫ እየሆነ መርገፍ፣ የተቀመጠችበት ጠረጴዛ ማር እንደፈሰሰበት እጅ መያዝ፣ ጉንዳን ደግሞ ግንዷ ላይ ሽር ጉድ። እኔ ጠላቴ ጉንዳኑ መስሎኝ የበረሮ ማጥፊያ ነፋሁባት፣ በሦስተኛው ቀን የተረፈው ቅጠል ግማሹ ተቃጥሎ እርግፍ አለ። ወንድሜ በቪዲዮ ሲደውል ደህናውን ጎኗን ብቻ አዙሬ ማሳየት ጀምሬ ነበር። አንዱ ሻጭ ደግሞ ፎቶዋን እንኳ ሳያይ የእርሻ ኬሚካል ሊሸጥልኝ፣ ሳሎን ውስጥ ልረጨው፣ ልጆች ባሉበት ቤት!

በመጨረሻ ጓደኛዬ ሳር ቤት አካባቢ መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡ አንድ ጋሼ ጋ ላከችኝና ቤት ድረስ መጡልኝ። ዛፏን ወዲያው አልነኳትም፣ ቁጭ ብለው ጉንዳኑን በዓይናቸው ይከተሉታል፣ እኔማ ሰውዬው ደክሟቸው ነው ብዬ ውሃ ላመጣ ስነሳ ጉንዳኖቹ ቆም የሚሉበትን ቦታ በጥፍራቸው ጫር አደረጉና ሁሌ የዛፏ ቅርፊት ነው እያልኩ የማልፈው ቡናማ እብጠት ልጥ ብሎ ወጣ። "ልጄ፣ ሌባው ይሄ ነው" አሉኝ። ስኬል የሚባል ተባይ ነው፣ ካደገ በኋላ ከተለጠፈበት ንቅንቅ አይልም፣ እዛው ሆኖ የዛፉን ፈሳሽ ይመጥጣል። ጠረጴዛው ላይ የሚያጣብቀው ከሱ የሚወጣው ጣፋጭ ነገር ነው፣ ጉንዳኑም እሱን ሊልስ ነው የሚመላለሰው፣ እንደውም ስኬሉን ከሚበሉት ነፍሳት ይጠብቅለታል። ቅጠሉ ላይ ጥላሸት የመሰለኝ ጥቁር ነገርም እዛው ጣፋጭ ላይ የሚበቅል ሻጋታ ነው አሉ። ቀጥለው ቅጠሉ ከቅርንጫፉ የሚገናኝበት ብብት ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር አሳዩኝ፣ ይሄኛው ደግሞ ሚሊባግ የሚባል ሌላ ተባይ። ሁለት ሌባ በአንድ ቤት!

ከኮሮና ጊዜ የተረፈኝን 70% አልኮል በጆሮ ጥጥ እየነኩ ነጩን አንድ በአንድ፣ ስኬሉን ደግሞ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ቀስ እያሉ አነሱት። አንድ ሊትር ውሃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጠበጡና አንድ ቅጠል ላይ ብቻ ረጭተው "እስከ ነገ እንያት" ብለው ሄዱ። በነጋታው ቅጠሉ ደህና ስለነበር አፈሩን በፌስታል ሸፍነው ሁሉንም በተለይ የቅጠሉን ጀርባ ረጩ፣ ቆይተው በንጹህ ውሃ አጠቡት፣ ፀሐይም እንዳላወጣት አስጠነቀቁኝ። እንቁላሉ በሳሙና ስለማይሞት አዲስ የሚፈለፈለውን ለመያዝ በየሳምንቱ ተመላልሰው አራት ጊዜ ሰሩላት። ከማሰሮዋ አውጥተው ስሯን ሳይቀር አዩ፣ ሚሊባግ እዛም ይደበቃል፣ የኛዋ ንጹህ ነበረች ተመስገን።

እኔንም ተቆጥተውኛል። ቶሎ እንድትወፍርልኝ ብዬ ዩሪያ አብዝቼባት ነበር፣ "ለጋ ቅጠል ታወጣለች፣ ለጋው ደግሞ ለነሱ ቁርስ ነው" አሉኝ። አጠገቧ የነበረችውን ትንሿን ወይራዬንም ሌላ ክፍል አስገቡብኝ። ወይራዋን ነጭ ወረቀት ላይ ሲያራግፏት ነጥብ የሚያካክሉ ነገሮች ሲሄዱ አየን፣ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ደቃቅ የቅጠል ተባይ። የበጋ አቧራና ድርቀት ይወዳል አሉና ቅጠሏን ከታች ወደ ላይ በውሃ አጠቡልኝ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ ግን፣ ሰዓት ላይ እንዳትጠብቋቸው፣ ሦስት ሰዓት ያሉት አምስት ሰዓት ነው የሚመጡት። ለሁሉም ምልልስ የጠየቁኝ ብር ደግሞ ያፈርኩበት ነው፣ ጨምሬ ስሰጣቸው "ለማዳበሪያ አታውይው እንጂ" ብለው ሳቁብኝ። አሁን አዲስ ቅጠል አውጥታለች፣ ባለፈው እሁድ ለወንድሜ ዙሪያዋን አሳየሁት፣ የሆነውን ግን ገና አልነገርኩትም።

ጋሼ ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም፣ ስልካቸውን የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ጠዋት ጠዋት ችግኝ ስለሚያጠጡ አያነሱም፣ ከምሳ በኋላ ሞክሩ።