የሚያበራ የጌጅ ፊት ለምታስገቡ፦ ለጋሼ ምስጋና፣ ለእናንተ ጥቆማ

በአሌክሳንድሪያና በአካባቢው ላላችሁ፣ በተለይ ከ1990 እስከ 1997 የተሠራውን የመጀመሪያውን ማዝዳ ሚያታ ለምትነዱ ወገኖች ነው ይህን የምንጽፈው። ማታ ገጹ በሙሉ የሚበራውን የጌጅ ፊት (በዳሽቦርዱ መለኪያዎች ላይ ቁጥሩ የተጻፈበትን ገጽ) ልታስገቡ ካሰባችሁ ዕቃውን ሳታዝዙ ይህን አንብቡ። ሥራውን የሚሠሩት የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ስማቸው አደባባይ እንዲወጣ ስለማይፈልጉ ሁላችንም እንደምንጠራቸው ጋሼ እንላቸዋለን። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፤ እግዜር ይስጥልን።

መብራቱን ማንም ያበራዋል። ጋሼን የምናመሰግናቸው የፍጥነት መለኪያው ፊቱ ከተቀየረም በኋላ እውነቱን ስለሚናገር ነው።

ገና በስልክ መጀመሪያ የሚጠይቁት የመኪናውን ዓመት ነው። ምክንያት አላቸው። እስከ 1994 ባሉት ሚያታዎች የዘይት ግፊት ጌጁ እውነተኛ ነው፤ ነዳጅ ሲሰጡት ይወጣል፣ ሞተሩ ሲሞቅና ሲረጋጋ ይወርዳል። ከ1995 ጀምሮ ግን ጌጁ ግፊት አለ ወይም የለም ብቻ ነው የሚለው፤ መርፌው መሃል ላይ ይቆማል። በእነዚህ መኪኖች ላይ ለቀደሙት የተሠራ ባለቁጥር ፊት ቢለጠፍ ቁጥሩ ምንም ትርጉም አይኖረውም። ሁለተኛው ጥያቄያቸው ፊቱ በማይል ነው በኪሎሜትር የሚል ነው። ከውጭ የሚመጡት ብዙ ጊዜ በኪሎሜትር ናቸው፤ የቁጥሮቹ አደራደር ከመለኪያው ዙረት ጋር ካልገጠመ ደግሞ መርፌውን የቱንም ያህል ቢያስተካክሉት አይረዳም።

ፊቱ ራሱ ስስ ፕላስቲክ ነው። በሁለት ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ሽፋኖች መካከል ዚንክ ሰልፋይድ አለበት፤ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ያ ንብርብር ይበራል። የባትሪው 12 ቮልት ቀጥተኛ ስለሆነ ከፊቱ ጋር የምትመጣው ትንሽ ኢንቨርተር ወደ 100 ቮልት ገደማ ተለዋዋጭ ትለውጠዋለች። ከዚህ የሚከተሉትን ነገሮች ጋሼ አንድ በአንድ ያስረዳሉ። ፊቱ አልገባም ተብሎ ጠርዙ በመቀስ አይቆረጥም፤ ሽፋኖቹ ከተነካኩ ሾርት ያደርጋል። ኢንቨርተሯ ፊቱ ሳይሰካባት ለሙከራ ተብላ አትበራም፤ ያለ ጭነት ከሠራች ልትቃጠል ትችላለች። መጋጠሚያዎቹም በደንብ ይሸፈናሉ፤ የሚወጣው ኃይል ትንሽ ቢሆንም ጣት ይነዝራል።

ብዙ ቦታ ሥራው የሚበላሸው የመብራቱ ሽቦ ላይ ነው። ለዳሽቦርዱ አምፖሎች የሚሄደውን ሽቦ ያገኙና ኢንቨርተሯን እዚያው ላይ ይቀጥሏታል። ያ መስመር የሚመጣው በብርሃን መቀነሻው በኩል ነው። ባለመኪናው ብርሃኑን ዝቅ ሲያደርግ ኢንቨርተሯ የሚበቃትን ቮልት ታጣለች፤ ፊቱ ይርገበገባል፣ ውሎ አድሮም እሷ ትሞታለች። ጋሼ ከመቀነሻው በፊት ካለው የፓርኪንግ መብራት መስመር ይወስዳሉ፤ መሃል ላይ 1 አምፔር ፊውዝ ያስገባሉ፤ ማሳውን (የኔጌቲቩን ሽቦ) ቀለሙን ፍቀው ባዶ ብረት ላይ ያስራሉ። ብርሃኑ የሚቀነሰው ከዕቃው ጋር በመጣው የራሱ ማዞሪያ ነው። ኢንቨርተሯ ቀጭን የሲርታ ድምፅ ስላላትና ኤኤም ሬዲዮ ላይ ስለምትገባ ከአንቴናው ገመድ ርቃ፣ ከማሞቂያው ቱቦ ተገልላ፣ በስፖንጅ ተጠቅልላ ትታሰራለች። ተንጠልጥላ አትተውም።

ክላስተሩን (መለኪያዎቹ ሁሉ ያሉበትን ቤት) ማውጣት ብዙም ወሬ የለውም። የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀላል፤ መሪው ኤርባግ ስላለው ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። መሪው ትንሽ ዝቅ ይላል፣ የክላስተሩ ኮፈን ይነሳል፣ የፍጥነቱ ካቮ (የሚሽከረከረው ገመድ) ከኋላ ይላቀቃል። ካቮው አጭር ነው፤ ክላስተሩን ሳያላቅቁት ወደ ፊት የጎተተ ሰው መያዣውን ይሰብረዋል። የሠላሳ ዓመት ፕላስቲክ ደግሞ እንደ ብስኩት ነው፤ የመስታወቱን መያዣዎች በካቻቢቴ ሳይሆን በጥፍር ነው የሚያላቅቋቸው።

አሁን ወደ መርፌው። በዚህ መኪና ፍጥነቱን የሚያሳየው በካቮው የሚሽከረከር ማግኔት ነው፤ የሚመልሰው ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስፕሪንግ። መርፌው ዜሮ ላይ ሲያርፍ የሚደገፍባት ትንሽ ችንካር አለች። ስፕሪንጉ ግን ከችንካሯ በታች ሊወርድ ይፈልጋል፤ ቆሞ እያለ እንኳ መርፌውን ወደ ታች እየገፋው ነው። መርፌውን ዝም ብሎ ነቅሎ፣ አዲሱን ፊት አልብሶ፣ ችንካሯ አጠገብ መልሶ የተጫነ ሰው ያንን ግፊት አጠፋው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ መለኪያው ሁልጊዜ ከእውነተኛው ፍጥነት በላይ ያሳያል።

ጋሼ መርፌውን ከመንቀላቸው በፊት ጫፉን በጣታቸው ቀስ አድርገው ያነሱና በችንካሯ ላይ አሻግረው ይለቁታል። መርፌው ጥቂት ተወዛውዞ በራሱ ቦታ ይቆማል። እዚያች ቦታ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፈው በቀጭን እርሳስ ያሰምራሉ፤ ፎቶም ያነሳሉ። ከዚያ በመርፌው እምብርት ግራና ቀኝ ሁለት የሻይ ማንኪያ፣ ከማንኪያዎቹ ሥር ካርቶን፤ በሁለቱም በኩል እኩል ጫን ሲደረግ መርፌው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ጠመዘዝ ካደረጉት ስፕሪንጉ ይጎዳል። ሲመለስ በእርሳሷ መስመር ላይ ይጫናል፣ በችንካሯ ላይ ተሻግሮ ይቀመጣል፤ ግፊቱም እንደ ነበረው ነው። አንዳንድ ፊቶች መርፌው ሳይነቀል እንዲገቡ ስንጥቅ አላቸው። ጋሼ ግን እነሱንም ለማስገባት ሲታጠፉ ንብርብሩ ይሰነጠቅና ጥቁር መስመር ይወጣበታል ብለው ይጠነቀቃሉ።

አዲሱ ፊት በአሮጌው ላይ ስለሚደረብ እምብርቱ እንዳይፋቅ በመካከላቸው 1 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ይተዋሉ። የአርፒኤም (የሞተር ዙረት) መርፌ 3000 ላይ ደርሶ ይዞ ሲቀር ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ከፊቱ የሚወጣው ኤሌክትሪክ የሚያስገባው ጠፍጣፋ ጭራ በሹል አይታጠፍም፤ በክላስተሩ ፕላስቲክ ቤት ጠርዝ ላይ በሞረድ መውጫ ይበጁለታል። የቀድሞዎቹን አምፖሎች አያወጡም፤ የማይል ቆጣሪዋ መስኮት የምትበራው በእነሱ ነው። መስታወቱን ሲያጸዱ አሞኒያ ያለበት የመስኮት ማጽጃ አይነኩም፤ ፕላስቲኩን ያደበዝዘዋል።

ሁሉም ተገጥሞም ሂሳብ አይቀበሉም። ባለመኪናውን ይዘው ይወጣሉ፤ ስልኩ ላይ ጂፒኤስ ከፍተው በ30፣ በ45 እና በ60 ማይል የረጋ ፍጥነት ከመለኪያው ጋር ያነጻጽራሉ። ይህንኑ ክላስተሩ ከመፈታቱ በፊትም አድርገው በወረቀት ጽፈውታልና ሁለቱን ጎን ለጎን ያሳዩአችኋል። ሞተሩ ሞቆ ያለ ጭነት ሲሠራ አርፒኤሙ 850 አካባቢ መቆም አለበት፤ ያንንም በራሳቸው መለኪያ ያዩታል።

የማያምርባችሁንም በግልጽ ይነግሯችኋል። ነጭ ፊት ቀን ላይ፣ ጣሪያው ሲወርድ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ያንጸባርቃል፤ ለሚያታ ጥቁሩ ይሻላል ይላሉ፣ እኛም እንስማማለን። ብርሃኑ ደግሞ በሠራ ቁጥር እየደከመ ይሄዳል፤ እንደ ኤልኢዲ አትጠብቁት። መርፌው እጅግ ከጠበቀ ሲነቀል ዘንጉ ሊከተለው እንደሚችል፣ ያኔም ያገለገለ ክላስተር መፈለግ ግድ እንደሚሆን ሥራ ሳይጀምሩ ያስታውቃሉ።

ጠዋት 3 ሰዓት የገባች መኪና ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ገደማ ትወጣለች። ሲደውሉላቸው የመኪናውን ዓመትና የዕቃውን ፊትና ጀርባ ፎቶ አዘጋጁ፤ ጥቅሉን አትክፈቱት፣ ጭራው የሚታጠፈው ብዙ ጊዜ ያኔ ነውና። ስልካቸውን ለሚፈልግ ራሳቸውን አስፈቅደን በውስጥ መስመር እንልካለን።