ነጻው አካውንቴና አረንጓዴው ቁልፍ፦ ከወራት በኋላ የምለው

ብሎጌን በነጻ ስለሚያስተናግደው መድረክ ነው የምናገረው። ደኅናውን አስቀድሜ ልናገር፣ ቶሎ ስለሚያልቅ። ብሎጉ ይሠራል። የግዕዝ ፊደል አይሰባብርም። ከስልኬ እጽፋለሁ፣ ፎቶ እጭናለሁ፣ ይወጣል። ኔትወርክ መሀል ላይ ቢጠፋ የጻፍኩትን ይዞ ይጠብቀኛል። አካውንቱን ስከፍትም አንዲት ሳንቲም አልተጠየቅኩም። በቃ፣ ስለ ደኅናው ይኸው ነው።

አሁን ስለ አረንጓዴው ቁልፍ።

የምጽፈው ስለ ጾም ምግብ ነው። ስልጆ፣ ተልባ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ቡቲቻ፣ እንዲህ ያለውን። አንባቢዎቼ በብዛት ውጭ ያሉ ናቸው። አሜሪካ ያሉት ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ፣ ዱባይ፣ ቴል አቪቭ። አዲስ አበባ ያለ ሰው የተልባ አቆላል ኢንተርኔት ላይ አይፈልግም፤ ጎረቤቱን ይጠይቃል። ውጭ ያለው ግን፣ በተለይ አሜሪካ ያለው፣ ሽንኩርቱን ከትፎ እናቱ ጋ ሊደውል ሲል እዚህ ሌሊት ነው። ብሎጉን የከፈትኩት ለእነዚህ ሰዎች ነው።

ሁዳዴ መሀል ላይ ስለ ስልጆ ጻፍኩ። ስልጆ ችኩል ሰው አይወድም። የሱፍ ውሃው አለ፣ የባቄላ ዱቄቱ አለ፣ ሰናፍጩ አለ፣ ከዚያ ደግሞ ተከድኖ ለቀናት መክረሙ አለ። ስለዚህ ጽሑፉን ለሁለት ከፈልኩት። ከላይ የሚያስፈልገው፣ ከታች አሠራሩ። በማግስቱ ቨርጂኒያ ያለችው አክስቴ ደወለች።

«አንቺ ልጅ፣ ለስልጆ የባንክ ካርድ ቁጥር ምን ይሠራል?»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አልሳቀችም። መነጽሯን አድርጋ፣ ካርዷን ከቦርሳ አውጥታ ይዛ ነው የምታናግረኝ።

ልጇ ስክሪንሹት ላከልኝ። ከላይ የእኔ ፎቶ። ከሥሩ የሚያስፈልገው ዝርዝር፣ እስከ ነጭ ሽንኩርቱና ጤና አዳሙ ድረስ። ልክ ዝርዝሩ ሲያልቅ፣ አሠራሩ ሊጀምር ሲል፣ የስልኩን ወርድ ከዳር እስከ ዳር የያዘ አረንጓዴ ቁልፍ። በላዩ በእንግሊዝኛ «ቀጥል» ይላል። ሌላ ምንም አይልም። ማስታወቂያ መሆኑን የምትናገረው ጽሑፍ ጥግ ላይ አለች፣ ግራጫ ሆና፣ የጤፍ ፍሬ አክላ። የስልጆው አሠራር ከቁልፉ ሥር ነበር፤ ግን እዚያ ድረስ ማን ይወርዳል? አክስቴ ቀጥል ሲሏት ቀጠለች። ቁልፉ አንድ የፊልም ማሳያ ገጽ ላይ ወስዶ ጣላት። የመጀመሪያው ወር ነጻ ነው፣ ካርድዎን ያስገቡ ይላል።

ብሎጌን በራሴ ስልክ ከፈትኩ። አረንጓዴ ቁልፍ የለም። አንድም ማስታወቂያ የለም። ንጹህ ገጽ። «ኧረ የለም» ብዬ ስናገር አክስቴ ተቀየመች። «ዓይኔ ገና ነው» አለችኝ።

ዓይኗም ገና ነው፣ ስልኬም አልዋሸም። መድረኩ ማስታወቂያ የሚያሳየው ሎግ ኢን ላላደረገ ሰው ብቻ ነው። ጸሐፊው ሁልጊዜ ሎግ ኢን ነው። ስለዚህ ጸሐፊው የራሱን ገጽ ሌላው ሰው እንደሚያየው አድርጎ አያይም። እኔን ለወራት ንጹህ ገጽ እያሳየ፣ አንባቢዎቼን ቁልፍ ያስጭናቸዋል። ከዚያ ስድቡ ለማን ይደርሳል? ለእኔ።

የመድረኩን ስም አልጠራም። ነገሩ የአንድ ድርጅት ጠባይ ብቻ አይደለም፤ አሠራሩ የቆየ ነው። አገልግሎቱን የሚሸጥ ልጅ ፊቴ ቢቆም ደግሞ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ።

«እህቴ፣ ነጻ ነው እኮ!»

ለማን? እኔ አልከፈልኩም፣ እሺ። አክስቴ ግን በዓይኗ፣ በጊዜዋ፣ ለጥቂት ደግሞ በካርዷ ልትከፍል ነበር። ከመድረኩ ጋር የተዋዋልኩት እኔ ነኝ። «ተስማምቻለሁ» የሚለውን የተጫንኩት እኔ ነኝ። ሒሳቡ የሚሄደው ግን ያልተስማማችው ሴትዮ ጋ ነው።

«ሰርቨር፣ ኤሌክትሪክ፣ ሠራተኛ፣ ይህ ሁሉ ከየት ይከፈላል?»

ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው፣ አላጣጥለውም። ብሎግ በነጻ ማስተናገድ ገንዘብ ይፈጃል፤ ከሚጽፈው ሕዝብ ደግሞ የሚከፍለው ጥቂቱ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ሲንገዳገዱ ታይተዋል። ላይቭጆርናል የሚባለውን የብሎግ መድረክ የሚያስታውስ ካለ፣ ብራድ ፊትዝፓትሪክ የሚባል ወጣት ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ1999 የጀመረው ነው። ማስታወቂያ አልነበረውም። የቻለ ይከፍላል፣ ያልቻለ በነጻ ይጽፋል። ሰዉ ሲበዛበት ከ2001 እስከ 2003 ድረስ አዲስ ሰው በነጻ የሚገባው ግብዣ ካገኘ ብቻ እንዲሆን አደረጉ። በሩን አጠበቡ እንጂ ገጹን አልሸጡም። በ2005 ሲክስ አፓርት የሚባል ኩባንያ ገዛው። በ2006 «ማስታወቂያ ከፈቀድክ ተጨማሪ አገልግሎት በነጻ እሰጥሃለሁ» የሚል አዲስ ዓይነት አካውንት መጣ። ይህ ቢያንስ ምርጫ ነው፤ ጸሐፊው ይጠየቃል። በ2007 መጨረሻ ሱፕ የሚባል የሩሲያ ኩባንያ ገዛው። በመጋቢት 2008 ደግሞ ያለ ማስታወቂያ የሚሠራውን ነጻ አካውንት ለአዲስ ተመዝጋቢ ዘጉት። ተጠቃሚው ተቆጣ። ለአንድ ቀን ምንም አንጽፍም ብለው አድማ ጠሩ።

ከዚያ ነጻው አካውንት ተመለሰ። አመላለሱን ግን ልብ በሉ። ማስታወቂያው ለጸሐፊው አይታይም፤ ሎግ ኢን ሳያደርግ ለሚመጣ እንግዳ ይታያል። አድማ የሚመታው ጸሐፊ ነዋ! እንግዳ አድማ አይመታም። አክስቴ ማን ጋ ሄዳ ነው አድማ የምትጠራው?

ያ መላ ዛሬ የእኔ ስልጆ ላይ ደርሷል።

ብሎገር የሚባለው መድረክም ቢሆን ጎግል በ2003 ሳይገዛው በፊት ነጻ ገጾቹ ላይ የማስታወቂያ ባነር ይለጥፍ ነበር። ባነሩ እንዲነሳ በዓመት 12 ዶላር ይከፈል ነበር። ጎግል ከገባ በኋላ ያ ክፍያ ቀረ። አሁን ባለቤቱ ራሱ ማስታወቂያ ካላስገባ ገጹ ባዶ ነው። ደግነት አይደለም፤ ጎግል ገንዘቡን ሌላ ቦታ ይሠራዋል። እዚያ ሂጂ ትሉኝ ይሆናል። አስቤበታለሁ። የገጾቹ መልክ ግን የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት የሚያስታውስ ነው። እኔ ደግሞ በፎቶ እለፋለሁ።

ሰብስታክ የሚባለው መድረክስ? በዋናነት የሚኖረው በማስታወቂያ አይደለም፣ ከደንበኛ ክፍያ ላይ 10 በመቶ ይወስዳል። ክፍያው የሚያልፈው ስትራይፕ በሚባል የክፍያ አስተላላፊ ነው። ስትራይፕ ከአዲስ አበባ የባንክ ሒሳብ ጋር አይተዋወቅም። ሚዲየም የሚባለው መድረክ ደግሞ ጸሐፊው ከጽሑፉ ገቢ ልፈልግ ካለ በወር 5 ዶላር አንባቢውን ያስከፍላል። ሰው ለስልጆ 5 ዶላር ከፍሎ አይገባም። በዚያ ገንዘብ ማርኬት ሄዶ ይበላል።

አንድ ነገር ደግሞ ያስቀኛል፣ ያናድደኛልም። እዚህ ሰፈራችን ያለች ጓደኛዬ ያንኑ ጽሑፍ በስልኳ ስትከፍተው የፊልም ቁልፉ የለም። የቁማር ማስታወቂያ ነው ያለው፣ የሚንቀሳቀስ፣ ፓኬጇን የሚበላ። የማስታወቂያ ቦታ የሚሸጠው ገጹ ሲከፈት፣ በዓይን ቅጽበት በሚያልቅ ጨረታ ነው። አንባቢው አሜሪካ ከሆነ ብዙ ተጫራች አለ፣ ዋጋው ይወደዳል። አዲስ አበባ ከሆነ የቀረው ይደርሰዋል። ጽሑፉ አማርኛ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ለምሳሌ አድሴንስ የሚባለው የጎግል የማስታወቂያ አገልግሎት፣ እኔ ዝርዝሩን ባየሁበት ጊዜ፣ ከሚደግፋቸው ቋንቋዎች መሀል አማርኛ አልነበረም። የእኔ መድረክ የሚጠቀምበት ማሽንም የጻፍኩትን አንብቦ የተረዳ አይመስልም። ሰውየው የት እንዳለና ሲጎበኝ የከረመውን አይቶ ይገምታል። ባይሆንማ የሁዳዴ የምስር ወጥ ሥር አይብ የሚንጠባጠብበት በርገር ባላስቀመጠ። እሱንም አይቻለሁ፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተልኮልኝ።

«ካልፈለጉ ይክፈሉ!» ይላል ልጁ።

ከፈልኩ። ማለቴ እህቴ ከፈለች። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል፤ ከዚያም አልቆመም። በዶላር የሚከፈል ዓመታዊ ሒሳብ ለትርፍ ጊዜ ብሎግ ከእዚህ ሆኖ መክፈል ቅብጠት ነው። ካርድ አውጥቶ፣ ዶላር አስሞልቶ፣ ባንክ ተመላልሶ። እህቴ ዲሲ ሆና በሁለት ደቂቃ ጨረሰችው። «የልደት ስጦታ ነው» አለች፤ ልደቴ ገና ነበር።

ማስታወቂያው ወዲያው ጠፋ። ሎግ አውት አድርጌ፣ በብሮውዘሩ የግል መስኮት ገብቼ፣ በጓደኛዬም ስልክ ከፍቼ አየሁት። የለም። አክስቴ ስልጆውን ሠርታ ፎቶ ላከች፣ ሰናፍጩ ያንን ቢጫ አምጥቶታል። ያን ቀን ማታ ብትጠይቁኝ አምስት ኮከብ እሰጥ ነበር። የሚገባውን ከፈልን፣ የሚገባውን አገኘን፣ ምን አለበት እል ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ኢሜይል መጣ። «ወደሚቀጥለው ደረጃ ይደጉ፤ ከማስታወቂያ ገቢ ያግኙ።»

ሁለቴ አነበብኩት። በነጻው አካውንት ማስታወቂያ አለ፣ ገንዘቡ የእነሱ ነው። ስከፍል ማስታወቂያው ይነሳል። የበለጠ ስከፍል ማስታወቂያው ይመለሳል፣ ከገንዘቡ ቆንጥረው ይሰጡኛል። ይህን የፈጠረ ሰው መርካቶ ሱቅ ቢከፍት ይከብር ነበር።

ማስታወቂያ ጠልቼ አይደለም፣ ይሄ ይታወቅልኝ። ሬዲዮ ስሰማ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ የሳሙናውንም የባንኩንም ማስታወቂያ በቃሌ እወጣዋለሁ። ገጹ መጨረሻ ላይ፣ ጽሑፉ ካለቀ በኋላ፣ «ማስታወቂያ» ተብሎ በሚነበብ ፊደል ተጽፎበት ይቀመጥ። ቁማርና የውሸት ቁልፍ አልፈልግም የምልበት ቦታ ሴቲንጉ ውስጥ ይኑር። ለአንባቢዬ የሚታየው ለእኔም ይታይ። እንዲህ ቢሆን እስከ ዛሬ በነጻው ላይ ነበርኩ፤ እህቴም ገንዘቧን ለሌላ ነገር ባዋለችው። የላይቭጆርናልን ኮድ ይዘው የወጡ ሰዎች በ2009 ድሪምዊድዝ የሚባል መድረክ ሲከፍቱ ማስታወቂያ አናስገባም አሉ። መጀመሪያ አካባቢ በግብዣ ኮድ ብቻ እያስገቡ፣ በሚከፍሉት ሰዎች ገንዘብ እየኖሩ፣ ይኸው እስከ ዛሬ አሉ። ግዙፍ አልሆኑም። ግን አሉ። ስለዚህ «ሌላ መንገድ የለም» የሚለኝን ልጅ አልሰማውም።

አንዲት ጓደኛዬ እዚያው መድረክ ላይ ግጥም ትጽፋለች፣ በነጻው። ሰሞኑን ሎግ ኢን ሳላደርግ ገባሁ። አባቷ በሞቱ ዓመት የጻፈችው ግጥም አለ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ስንኝ መሀል «ዛሬውኑ ተወራርደው ያሸንፉ» የሚል ነገር ይዘላል። እሷ አላየችውም። ልታየውም አትችልም። እንዴት እንደምነግራት ሳስብ ሁለት ቀን ፈጀሁ፤ በመጨረሻ ስክሪንሹቱን ላክሁላት። «ይኼ የእኔ ገጽ ነው?» አለች። ከዚያ ግጥሙን ከገጹ ላይ አነሳችው።

እንዲህ ያለ አካውንት ካላችሁ ዛሬ ሎግ አውት አድርጉና የራሳችሁን ገጽ ክፈቱ። ውጭ ያለ ዘመድ ካላችሁ ስክሪንሹት ይላክላችሁ፣ የምታዩት አንድ አይደለም። ጽሑፋችሁንም ኤክስፖርት አድርጋችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። ይህ ሥራ ከቡና አንድ ዙር አያልፍም፣ መድረኩም አይከለክልም። ይህንንም ከደኅናው ላይ ጨምሩለት።

ዕድሳቱ ሲደርስ እህቴ ትከፍላለች፣ አምርራ ነግራኛለች። እኔም አልከለክላትም፤ አክስቴ ቡቲቻ እየጠበቀች ነው። ለተከፈለበት አካውንት አራት ኮከብ። ለነጻው አንድ። ዛሬ የጓደኛዬ ነገር ስላናደደኝ ነው፣ ነገ ብትጠይቁኝ ሁለት ልል እችላለሁ።