ልጃችንን ወደ ልዩ ትምህርት ቤት ለማዛወር ስንወስን ላገዙን አማካሪ የቀረበ ምስጋና

«ልጃችሁ ከክፍሏ በላይ ናት፤ ልዩ ትምህርት ቤት ግቡ» ተብላችሁ ግራ ለተጋባችሁ የሃዋሳ ወላጆች፣ እኔና ባለቤቴ በእንዲህ ያለ ጭንቅ ውስጥ ሳለን ያገለገሉንን አንዲት የትምህርትና የሥነ ልቦና አማካሪ ለማመስገንና ለእናንተም ለመጠቆም ይህን ጽፌአለሁ።

ልጃችን ዘንድሮ 8ኛ ክፍልን ታጠናቅቃለች። ተማሪዎችን በፈተና መርጦ የሚቀበል፣ በሌላ ከተማ የሚገኝ አዳሪ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናን ተፈትና ካለፈች በኋላ ቤታችን ውስጥ ስምምነት ጠፋ። አባቷ ዕድሉ እንዳያመልጣት ይጓጓ ነበር፤ እኔ ደግሞ ገና በ14 ዓመቷ ከእናት ከአባቷ ተለይታ ማደሯ አሳስቦኝ ነበር። እሷ የምታስበውን አልተናገረችም። ዘመድ ወዳጁ ግን በአንድ ድምፅ «ላኳት» ይለን ነበር፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደሆኑ ከተሰማ ወዲህ፣ በ2015ም 3.2፣ በ2016ም 5.4 በመቶ መሆኑ ሲታከልበት፣ ብዙ ወላጅ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤትን እንደ ብቸኛ መውጫ ማየት ጀምሯል።

አማካሪያችን መጀመሪያ ያነሱት ይህንኑ የ«ብቸኛ መውጫ» ሐሳብ ነው። መርጦ የሚቀበል ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ ሁሉ ቢያልፉለት፣ ውጤቱ የትምህርት ቤቱ ሥራ ብቻ አይደለም፤ የገቡት ልጆች ቀድሞውንም ጎበዞች ነበሩና። ስለዚህ «ስንቱ አለፈ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ፣ ትምህርት ቤቱ ለልጅቱ አሁን ካለችበት ምን የተለየ ነገር ይሰጣታል፣ ቤተ ሙከራው በእርግጥ ተማሪ ይገባበታል ወይ፣ ማታ ስትታመም ወይም ሲከፋት ማን አለላት፣ ባይስማማትስ ያለ ችግር መመለስ ትችላለች ወይ ብለን እንድንጠይቅ መከሩን። ባለቤቴ እነዚህን ጥያቄዎች ይዞ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄደ፤ የመኝታ ክፍሎቹን አይቶ፣ ተማሪዎችንም አነጋግሮ ተመለሰ።

የአይኪው (የአእምሮ ችሎታ መለኪያ) ፈተና ይሰጧት ብለን ስንጠይቃቸውም አልተጣደፉም። የዚህ ዓይነቱ ፈተና አማካይ ውጤት 100 ተደርጎ እንደሚሠራ፣ ብዙ ጊዜ ለልዩ ተሰጥኦ መለያ የሚያገለግለው 130 ሲሆን ከመቶ ሁለት ያህል ልጆች ብቻ እንደሚደርሱበት፣ የታወቁት ፈተናዎች ግን በሌላ አገር ልጆች ላይ የተመዘኑ በመሆናቸው ቁጥሩን እዚህ አምጥቶ እንደ ፍርድ መውሰድ እንደማይገባ አስረዱን። ሉዊስ ተርማን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1921 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጀመረው ጥናት በፈተና ተመርጠው ከተካተቱት ከ1,500 በላይ ልጆች መካከል አንድም የኖቤል ተሸላሚ እንዳልወጣ፣ ነጥብ አልሞላላቸውም ተብለው የቀሩት ዊልያም ሾክሊና ሉዊስ አልቫሬዝ ግን በኋላ በፊዚክስ እንደተሸለሙ የነገሩን እርሳቸው ናቸው።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ግን ልጄን ስላዩበት መንገድ ነው። ከክፍሏ ደረጃ ከፍ ያለ የሒሳብ ጥያቄ ሰጥተው፣ መልሱን ትተው አሠራሯን ተከታተሉ። ልጄ የጻፈችውን በክንዷ ጋርዳ ወረቀቱ እስኪሳሳ በላጲስ ታጠፋለች፣ ደግሞ ትጽፋለች፤ እርዳታ ግን አልጠየቀችም። ቆይተው አጠገቧ ተቀመጡና «እኔንም ይኼኛው አስቸግሮኛል፤ እስቲ ከየት እንደጀመርሽ አሳዪኝ» አሏት። ያን ጊዜ ክንዷን አነሳች። ለእኛ ያሉን፣ እስከ ዛሬ ትምህርት ከብዷት ስለማያውቅ መቸገርን እንደ ነውር እንደምታየው ነው። ይህን ከማንም መምህር ሰምቼ አላውቅም፤ ደብተሯ ሁልጊዜ በ«ጎበዝ» የተሞላ ነበርና።

ለብቻዋም አነጋገሯት፤ ከነገረቻቸው ውስጥ ለእኛ ያካፈሉን ደግሞ እሷ የፈቀደችውን ብቻ ነው። ለካ ልጄ መሄድ ትፈልግ ኖሯል። የኬሚስትሪ ሙከራዎችን ከመጽሐፍ ላይ አንብባ በእጇ ሠርታ አለማወቋ ይቆጫት ነበር። የፈራችው ከእኛ መለየቱን ሳይሆን አንደኛ መውጣቷ መቅረቱን ነው። አማካሪዋ ፍርሃቷን አላጣጣሉትም። ኸርበርት ማርሽ የተባሉ ተመራማሪ ያሳዩትን ጠቅሰው፣ አቅማቸው እኩል ከሆኑ ሁለት ልጆች መካከል ጎበዞች በበዙበት ትምህርት ቤት ያለው ስለ ራሱ ችሎታ ያለው ግምት ዝቅ እንደሚል፣ ይህም የሚጠበቅ እንጂ የስንፍና ምልክት እንዳልሆነ ለእሷም ለእኛም ነገሩን።

በመጨረሻ ትሂድ ብለን ተስማማን። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ሲያልቅ ሦስታችንም ቁጭ ብለን እንድንነጋገርበት፣ እስከዚያም ስለ ደረጃዋ ላንጠይቃት ቃል ገብተንላታል። አማካሪያችን «ላኳት» ወይም «አትላኳት» ብለው አንድ ቀን እንኳ ተናግረው አያውቁም፤ ባለቤቴ አጥብቆ ሲጠይቃቸውም ውሳኔው የቤተሰቡ መሆኑን በትሕትና ነገሩት። ክፍያቸውን አስቀድመው በግልጽ ይናገራሉ፤ ከየትኛውም ትምህርት ቤት ጋር የጥቅም ግንኙነት የላቸውም፤ ያዩትንም በጽሑፍ አድርገው ይሰጣሉ። እግዚአብሔር ያክብርልን።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቅደውልኛል። ቀጠሮ ቶሎ ስለማይገኝ የምዝገባ ጊዜ እስኪደርስ አትጠብቁ። ስትሄዱም ከሰርተፊኬቱ ይልቅ የልጃችሁን ደብተሮች ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እነሱን ነው።