ለጭነት ባቡር ፎቶ የትኛው ሌንስ? አዲሱ 100-400 ወይስ ያገለገለው 70-200

ይሄ ጥያቄ በስልክም በቡና ላይም አላስቀምጥ ስላለኝ አንዴ ጽፌ ልገላገል። ከሲያትል ወደ ኤቨሬት ባሕሩን ታኮ በሚሄደው ሐዲድ ላይ የጭነት ባቡር ማንሳት ለምትፈልጉ፣ የካኖን ሚረርለስ ላላችሁ ነው። ቁጥሮቹ ሌንሱ ምን ያህል እንደሚያቀርብ በሚሊሜትር ይናገራሉ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሰፊ ቦታ ያስገባል፣ ሲበዛ ሩቁን ያቀርባል። አልደብቃችሁም፣ እኔ የ70-200 ወገን ነኝ።

መጀመሪያ ሒሳቡ። ለሚረርለስ የተሠራው አርኤፍ 100-400 በ2021 ሲወጣ 650 ዶላር ነበር። ሲያትል ታክሱ ከ10 በመቶ ስለሚበልጥ በዚያ ዋጋ እንኳ ከሱቁ ስትወጡ 715 አልፏል። ሁዱ (ሌንሱ ጫፍ ላይ የሚገጠመው የብርሃን መከለያ) ደግሞ ካርቶኑ ውስጥ የለም፤ ለብቻው ነው የሚሸጠው! እኔ ዕቁብ ሲደርሰኝ የ2006ቱን ኢኤፍ 70-200 ኤፍ 4 አይኤስ ከሰው እጅ በ400 ዶላር ገዛሁ፣ ለአዳፕተሩ (የድሮውን ኢኤፍ ሌንስ ከሚረርለሱ የሚያገናኘው ቀለበት) 130 ጨመርኩ፣ በቃ። ሁዱም አብሮ መጣ።

ስለ ሁድ ካነሳን፦ ጓደኛዬ ለ100-400ው የ12 ዶላር ፎርጅድ ገጥሞለት አዋሰኝ። እዚሁ መስመር ላይ ባለችው ኤድመንድስ ከተማ፣ ሰንሴት አቬኑ ላይ ቆሜ ብርቱካናማው የባቡር ኩባንያው የቢኤንኤስኤፍ ሎኮሞቲቭ ብቅ ሲል ሌንሱን ዞር ሳደርገው ሁዱ ተነቅሎ ቁልቁል ወደ ሐዲዱ ተንከባለለ። ዓይኔ እያየ ቀረ። ሐዲዱ የኩባንያው ይዞታ ነው፤ ለ12 ዶላር ብሎ እዚያ የሚወርድ የለም፣ እናንተም እንዳትሞክሩት።

ግን ዋናው ጉዳይ ብርሃን ነው። ዲሴምበር ላይ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ አመድ ይመስላል። የሚሮጥ ባቡር ሳይደበዝዝ ለማንሳት ቢያንስ የ1/500 ሰከንድ ፍጥነት ይፈልጋል፤ አይኤሱ (የሌንሱ ማረጋጊያ) የእጃችሁን መንቀጥቀጥ እንጂ ባቡሩን አያቆምም። የኤፍ ቁጥር ባነሰ ቁጥር ብዙ ብርሃን ይገባል፤ 200 ላይ 70-200ው ኤፍ 4 ሲሆን ሌላው 6.3 ነው፤ የሚገባው ብርሃን ከእጥፍ በላይ ይለያያል። 400 ላይማ ኤፍ 8 ነው፣ በብርሃን እጥረት ፎቶው አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ለነገሩ ሐዲዱ እግራችሁ ሥር ሆኖ 400 ምን ያደርጋል? ኩርባው ላይ ከነኮንቴይነሮቹ የሚጠማዘዘውን ባቡር ለማስገባት የሚያስፈልገው 70ው ነው። በዚያ ላይ ጨው ያለበት ካፊያ ሲመጣ 70-200ው ውሃ የሚከላከል ጎማ አለው፤ ሌላው የለውም።

ያገለገለ ሲገዛ ግን ዓይን ይፈልጋል። የመጀመሪያዬን 70-200 በፎቶው ብቻ አምኜ ነበር የገዛሁት። ቤት አምጥቼ የስልክ መብራት ከኋላ ሳበራበት ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር ሻጋታ አውጥቷል። ጠጋኙ 190 ዶላር ጠየቀኝ፣ ያውም «ላይለቅ ይችላል» ብሎ። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት መብራት አብሩበት፣ ዙሙን አዙሩ፣ አይኤሱን ከፍታችሁ ጆሮ ስጡት። ዝቅ ያለ እምምታ ደህና ነው፤ ቀጭ ቀጭ ካለ ትታችሁት ሂዱ።

ወፍም ማንሳት ካማራችሁ እሺ፣ 100-400ውን ግዙ። ሁዱን ግን ኦርጂናል።